መስመርዎ ጤነኛ ነው

ሰኞ፣ 2

ስልክ የምንቀበልበት አዳራሽ ከተዘጋ ዛሬ ሦስት ወሩ። ማዳመጫውን፣ ላፕቶፑንና ራውተሩን በካርቶን አድርገው ከቤታችሁ ሥሩ ሲሉን ደስ ብሎኝ ነበር። የታክሲ ሰልፍ ቀረ፣ ጫማ ማድረግ ቀረ ብዬ። አሁን የምሠራው እናቴ ትተኛበት በነበረው ክፍል ነው። አልጋዋን አውጥቼ ጠረጴዛ አስገባሁበት። ራስጌው የፋቀው ግድግዳ ግን እንደተፋቀ ነው፤ ቀለም አስቀባዋለሁ እያልኩ ይኸው።

ሥራዬ የቤት ኢንተርኔት እምቢ ያላቸውን ሰዎች ስልክ መቀበል ነው። ይደውላሉ፣ ፋይላቸውን እከፍታለሁ፣ መስመራቸውን በኮምፒውተሩ እፈትሻለሁ። ቀይ ካሳየ ጥገና ይላካል። አረንጓዴ ካሳየ «መስመርዎ ጤነኛ ነው፤ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ብዬ አቤቱታውን እዘጋለሁ። ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ካለፈ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ትቀላለች።

ከዛሬ ጀምሮ አዲስ መመሪያ አለ። አምስት ጊዜ ደውሎ አምስቱንም ጊዜ አረንጓዴ የወጣበት ደንበኛ ፋይሉ ላይ «ደጋጋሚ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ምን እንደሚሠራ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሦስት ሰው ላይ አደረግሁ። አንደኛው ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፣ መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰዓት አለፍ ሲል ኢንተርኔታቸው እንደሚጠፋ፣ ይህንንም በደብተር እየመዘገቡ እንደሆነ ነገሩኝ። ላንብብልሽ አሉ። አነበቡልኝ። ከነደቂቃው፣ ከነአየሩ ሁኔታ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሲጨርሱ አመሰገኑኝ።

ሌላ የሚጻፍ የለም።

ረቡዕ፣ 4

ሰባ አንድ ጥሪ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። አንዲት ሴት መሃል ላይ ባሏን «ዝም በል እስቲ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ ነው» አለችው። ከሰው ጋር አለች። ቀኑን ሙሉ ትዝ ሲለኝ ዋለ።

ማክሰኞ፣ 10

ቀያሹ ዛሬ ደውለው ሠላሳ አራት ቁጥርን አገናኙኝ ብለው ነው እኔ ጋ የደረሱት። ሠላሳ አራት እኔ ነኝ። ለምን እኔን እንደፈለጉ ስጠይቃቸው ከተቀበሏቸው ሁሉ ቀድማ ስልኩን ያልዘጋች እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገሩኝ። እኔ እኮ መዝጋት ረስቼ ነው። ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ስሞላ ነበር።

ነገሩን ዛሬ ገና በወጉ ሰማሁት። ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ምራታቸው ሌላ ከተማ ሄዳ ሌላ ሰው አግብታለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች፣ የልጅ ልጃቸው። እናትየዋ ለአያትና ለልጅ የፈቀደችው በቀን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከአስር እስከ አስር ተኩል፣ እሁድ ሲቀር። ሌላ ሰዓት የለም። እንደ ተራ አያት «ምን በላሽ፣ ምን ለበስሽ» አይባባሉም፤ ሦስት ማዕዘን ነው የሚሠሩት። ልጅቷ የክፍሏን ወለል በክር ለክታ አሳይታቸዋለች። አስር ከአስር ሲሆን መስመሩ ድርግም ይላል። አስር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል። በሞባይል ሞክረው ነበር፤ ቤታቸው ረባዳ ቦታ ላይ ስለሆነ ድምፅ እንጂ ምስል አያመጣም። ሦስት ማዕዘን ደግሞ በድምፅ አይሳልም።

ድሮ ራሱ ይመለሳል ብለው ጠብቀው ጠብቀው ነበር የሚደውሉት። አሁን እንደጠፋ ወዲያው ይደውላሉ፤ ግን ወረፋው አርባ ደቂቃ ይወስድባቸዋል።

ፈተሽኩት። አረንጓዴ። ጤነኛ ነው አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አሁንማ ጤነኛ ነው።»

ቅዳሜ፣ 14

አርባ ደቂቃ የሚለው ነገር አላስቀመጠኝም። የሰሞኑ ወረፋ ቢበዛ ስምንት ደቂቃ ነው፤ በየቀኑ ስክሪኔ ላይ አየዋለሁ። ተቆጣጣሪዬን በጽሑፍ ጠየቅሁት። ልጅ ነው፣ ከእኔ በአስራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ቶሎ ይመልሳል። ደጋጋሚዎች ከሌላው ሁሉ በኋላ ነው የሚስተናገዱት አለኝ። አዲስ ሰው በደወለ ቁጥር እነሱ ወደ ኋላ ይገፋሉ።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩ ለሃያ አምስት ደቂቃ ይጠፋል። ሰውየው ለአርባ ደቂቃ ይጠብቃሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ስለሆነ አቤቱታው ይዘጋል፣ ሲዘጋ «ተፈታ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ለኢንተርኔት ድርጅቶች ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤትም እንደዚያው ሪፖርት ይደረጋል። ወረቀቱ ላይ እሳቸው ብዙ ጊዜ ችግራቸው የተፈታላቸው ሰው ናቸው።

ምልክቱን ማን እንዳደረገባቸው አላየሁም። ፋይሉ ላይ ይታያል፤ ጊዜ አልነበረኝም።

እሁድ፣ 15

እህቴ ደወለች። ትበያለሽ ወይ አለችኝ፣ እበላለሁ አልኳት። ስለ ልጆቿ ጥርስ አወራችኝ። ዝም ስትል እኔ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» አልኳት። አፌ ላይ መጣ እንጂ አስቤው አይደለም። በጣም ሳቀች። ከዚያ ልጆቹ ጠሩኝ ብላ ሄደች።

ሐሙስ፣ 19

ቀያሹ ደወሉ። ዛሬ አንድ ነገር አሉኝ፤ እሁድ እሁድ ተቋርጦ አያውቅም። በእሁድ ከልጅቷ ጋር ባይገናኙም መስመሩን ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፣ ለመዝገቡ ብለው። እሁድ ደግሞ ደህና ነው።

ልጅቷ ትናንት «አያቴ፣ ለምንድነው ፊትህን የምታቆመው?» ብላቸዋለች። ምስሉ ደርቆ ሲቀር እሷ የሚታያት አፉን ከፍቶ የተገተረ ሽማግሌ ነው። እናቷ ደግሞ ሆን ብለው የሚያጠፉት፣ ወይም እርጅና እየተጫጫናቸው የሆነ ይመስላታል። ኢንተርኔት ድርጅቱ ጤነኛ ነው እያለ እንዴት ነው በእርስዎ ላይ ብቻ የሚበላሸው ብላቸዋለች።

ዘጠኝ ደቂቃ አወራን። ሰዓቷ ቀላች። ትቅላ።

ሰኞ፣ 23

የእረፍት ሰዓቴን ቀየርኩ። ድሮ አስር ተኩል ላይ ነበር፤ አሁን ወደ አስራ አንድ ተኩል ገፋሁት። በዚያ ሰዓት ጥሪ ስለሚበዛ ነው።

ዛሬ አልደወሉም። ወይ ሌላ ሰው ተቀበላቸው። በሥራ ግሩፓችን ላይ ሠላሳ አራትን የጠየቀ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰም። አዳራሽ ሳለን በቀኜ ትቀመጥ የነበረችው፣ ሳቂታዋ የምንላት፣ አውራ ጣት ላከችልኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከአዳራሹ ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

አርብ፣ 27

ምራታቸው አቆመችው። ዛሬ ለስምንት ደቂቃ አገናኝቷቸው ጠፋ፤ ሲመለስ የጽሑፍ መልእክት ጠበቃቸው። ልጅቷ በየቀኑ ስክሪን ፊት እየጠበቀች ማልቀስ የለባትም፣ ለጊዜው ይቅር ይላል።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ዛሬ አቤቱታ የለኝም፤ መዝገቡን እንድትዘጊልኝ ነው የደወልኩት» አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። እንደ ሁልጊዜው እስኪዘጉ ጠበቅሁ። እሳቸውም የሚጠብቁ መሰለኝ። 

ሰኞ፣ 30

ልጻፈው።

የደንበኛን ፋይል ያለ ጥሪ መክፈት ክልክል ነው። ደግሞ ጥሩ ሕግ ነው፤ አንድ ባልደረባችን የፈታትን ሚስቱን አድራሻ ከዚያ አውጥቶ በሯ ላይ ቆሞ ተገኝቷል። እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት የየትኛው ጥሪ እንደሆነ ይመዘገባል።

ዛሬ አስር ሰዓት ከአስራ ሁለት ላይ ጥሪ መቀበሉን አቆምኩና የቀያሹን ፋይል ከፈትኩ። ፈተሽኩት። ቀይ። ደግሜ ፈተሽኩት፤ ቀይ። አስር ሰዓት ከሃያ ላይም ቀይ። አስር ከሠላሳ ስድስት ላይ አረንጓዴ ሆነ። ስድስት ጊዜ ፈትሼ ስድስቱንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ያን ያህል ያስደሰተኝን ነገር አላስታውስም።

ከዚያ ጥገና የሚጠራውን ቅጽ ሞላሁ። «የጥሪ ቁጥር» የሚለውን ባዶ ተውኩት። ቅጹ ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰኝ፤ ምልክቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ደጋጋሚ። ሰኞ፣ 2። ያደረገው ሠራተኛ፦ ሠላሳ አራት።

ደብተራቸውን ሲያነቡልኝ ነው ያደረግሁት። በአንድ ጆሮ እያዳመጥኩ። «አመሰግናለሁ ልጄ» ሲሉኝ ምልክቱ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ ዕለት እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ያደረገው ይመስል ሳምንታት ዞርኩት። አላየሁም፣ ጊዜ አልነበረኝም። ጊዜ ነበረኝ። ያ ምልክት ባይኖር በስምንተኛው ደቂቃ አንዳችን ጋ ይደርሱ ነበር፣ ማናችንም ብንፈትሸው ቀይ እናይ ነበር፣ ጥገናውም በማግስቱ ይሄድ ነበር።

ምልክቱን አነሳሁት። ለማንሳት አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ረቡዕ፣ 2

ጥገና ሠራተኛው ከቦታው ደወለልኝ። አስር ሰዓት ላይ ቀያሹ ቤት ተቀምጦ ጠበቀ። ሲጠፋ ወጣና ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ከጎን የልብስ እጥበት ቤት አለ። ዘበኛው ሥራ ሲገባ፣ በየቀኑ አስር ከአስር ገደማ፣ ውኃ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋውን ሞተር ይከፍታል፤ ለመሙላት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሞተሩ ያረጀ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ከቀያሹ የስልክ መስመር ጋር በአንድ ምሰሶ ላይ ተጠምጥሟል። በተነሳ ቁጥር መስመሩን ያውካል። እሁድ እጥበት ቤቱ ዝግ ነው።

«እህቴ፣ ሰውየው ልክ ነበሩ» አለኝ። «ደብተራቸውን አሳዩኝ። እንዲህ ያለ መዝገብ እኛ ራሳችን የለንም።» መስመሩን ወደ ሌላ ምሰሶ ለማዛወር አንድ ሳምንት ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ 3

እኔ ደወልኩላቸው። ሥራ ላይ ሆኜ አይደለም፣ በራሴ ስልክ።

መጀመሪያ ስለ ሞተሩ አወራን። እፎይ ያሉ መሰሉ፤ ሊስቁም ቃጣቸው። ቀጥዬ ስለ ምልክቱ ነገርኳቸው፤ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንዳደረገው፣ መቼ። ሰበብ ላለመጨመር ቃሉን አስቀድሜ ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር፣ እሱኑ አነበብኩ።

 ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ።

«ከሰኞ ማግስት እስከዚያች አርብ ሃያ አምስት ቀን ነው» አሉ። «እሁዶቹ ሲነሱ ሃያ ሁለት። ከአርብ ወዲህ ያለውን ያስቀረችው የልጅቷ እናት ናት፤ እሱን አንቺ ላይ አልቆጥርም።»

ይቅርታ አልኳቸው። ይቅርታውን አልተቀበሉም፣ አልመለሱትምም። ማድረግ የምችለው ነገር ካለ ጠየቁኝ።

አለ። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያወጣው ደንብ ነው፤ ደንበኛ ከጠየቀ፣ መስመሩ ለምን ይቋረጥ እንደነበር ድርጅቱ በማኅተም በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሥልጠና ላይ ያስተማሩን «ካልጠየቁ አትንገሩ» ብለው ነው። ይጠይቁኝ አልኳቸው።

«እጠይቃለሁ» አሉ። «ምልክቱም ይጻፍበት። ማን እንዳደረገውም። ሞተር ብቻ ከተጻፈ ምራቴ ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አላወቁትም ትላለች፤ እውነቷን ነው።»

ስልኩን ቀድመው ዘጉ።

አርብ፣ 4

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው «በስህተት ምልክት ተደርጎባቸው» ይላል። ሁለተኛው «በሥራ ጫና ምክንያት» ይላል። ሦስተኛውን ቀደድኩ። በአራተኛው ላይ «ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አቤቱታቸው ሲነበብልኝ በሚገባ አላዳመጥኩም» ብዬ ሙሉ ስሜን አሰፈርኩ። ስድስቱን ፎቶዎችና የጥገናውን ሪፖርት አያያዝኩ። ማኅተም የሚያደርጉት ዋናው ቢሮ ያሉት ናቸው፤ ከመጣላቸው መቶ ወረቀት አንዱ ስለሆነ ሳያነቡ ያትሙታል። አተሙት። ለቀያሹም ለምራታቸውም ተላከ።

ማክሰኞ፣ 8

ተቆጣጣሪዬ ደወለ። ድምፁን ስሰማው ከምጠብቀው የለሰለሰ ነው። ደብዳቤውን እንዳነበበው፣ ውሸት እንደሌለበት፣ ስለ ደጋጋሚ መመሪያውም ለበላዮቹ እንደጻፈ ነገረኝ። «ግን ፋይሉን ያለ ጥሪ ከፍተሻል» አለኝ። ከፍቻለሁ። ጥሪ የለም ብለሽ ምክንያት ብትጽፊ ኖሮ አለ። አልጻፍኩም። ውሌ እስከ አርብ ነው።

አልተከራከርኩም። እሱ ግን መከራከር የፈለገ ይመስል ነበር፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ቤት ሰው አለ ወይ አለኝ። ሰው አለ አልኩት።

ሐሙስ፣ 10

ጥገና ሠራተኛው መስመሩን አዛውሮ ጨረሰ። ሥራዬ ሊያበቃ ስለሆነ ሪፖርቱ እኔ ጋ እንደማይመጣ ነግሬው ስለነበር ለራሴ ደወለልኝ። አስር ከአስር ላይ ሞተሩ ተነሳ፤ መስመሩ አልጠፋም። በዚያው ሰዓት ታብሌቱ ላይ ልጅቷ ነበረች። ትናንት ነው እናቷ የፈቀደችው፤ ለአሁኑ በሳምንት ሦስት ቀን። ልጅቷ አንድ ማዕዘን አልመጣልኝ አለ ብላ ስትነጫነጭ፣ ቀያሹ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን በጣታቸው ሲያሳዩ ቆሞ እንዳየ ነገረኝ። አስር ተኩል ላይ እናትየዋ ከኋላ መጥታ «ይበቃል» አለች፤ ከዚያ «አምስት ደቂቃ» አለች።

ሲወጣ ሽማግሌው በር ድረስ ሸኝተውት ስለ እኔ ጠየቁት። ደህና ናት ወይ፣ ምን ዓይነት ሰው ናት አሉት።

«ምን አልካቸው?»

«አይቻት አላውቅም አልኳቸው።»

አርብ፣ 11

ዕቃ መለስኩ። ካርቶኑን ይዤ ስወጣ ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ጫማዬ ጠብቦኛል፣ እግር በቤት ይሰፋል መሰለኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ስሜን ሲፈልግ አጣው። ሠላሳ አራት ነኝ ስለው ወዲያው አገኘው።

ስወጣ ሳቂታዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም ካርቶን ይዛለች። የተበላሸ ማዳመጫ ልታስቀይር መጥታ ነው። ቀጭናለች። ተቃቅፈን ቆየን።  አውራ ጣቱን ምን ማለትሽ ነበር ስላት፣ ምን እንደምጽፍልሽ ስላላወቅሁ ነው አለችኝ። ሦስት ጊዜ ጽፋ አጥፍታዋለች። ከሰው ጋር ስትሆን ቶሎ እንደሚደክማት፣ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ እንደሚብስባት ነገረችኝ። አልሳቀችም።

እሁድ ነይ አልኳት። እመጣለሁ አለች።

ቅዳሜ፣ 12

ቤቱን ጠረግሁ። የእናቴን ክፍል ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ገፋሁት። ሁለት ሰው ሊቀመጥ ነው ብዬ ሳስብ ቤት ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ መሆኑ ገባኝ። እስከ ዛሬ አልጎደለኝም ነበር።

ግድግዳ የምንጋራትን ጎረቤቴን አንኳኳሁ። ሦስት ዓመት አብረን ኖረን በሯን ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትየዋ ከፍታ ማንን ፈልገሽ ነው አለችኝ። እዚህ ነው የምኖረው ብዬ ቤቴን አሳየኋት። ወደ በሬ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ደነገጠች።

«አንቺ ነሽ እንዴ የምታወሪው?» አለችኝ። «እኛ እኮ እናትሽ ከሞቱ በኋላ ቤቱ ባዶ ነው ብለን፣ ሬዲዮ ሳይጠፋ የቀረ መስሎን ነበር።»

ወንበሩን ሰጠችኝ። አንድ ይበቃሻል ወይ አለች። ይበቃኛል አልኳት፤ ከዚያ ድምፄን ድጋሚ እንድትሰማው ብዬ ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ አልኳት።